የራስጌው ጠርዝ

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ነበር። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ወጣት ልብስ ሰፊ፣ ደንበኛ አስቸኩሎት መሰለኝ፣ ከየት እንዳገኘው እንጃ አንድ አሮጌ የከሰል ካውያ አውጥቶ ሲተኩስ ሽታው በመስኮቴ ገባ። እርጥብ ጥጥ፣ የጋለ ብረት፣ ጥቂት አመድ። እኔ በዚያች ሰዓት የሟች ባለቤቴን የብርቄን የአልጋ ልብስ ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አስቀምጬ፣ ከመርፌ ቀዳዳ ጋር ስጣላ ነበር። ሽታው ሲመጣ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካሁት። አፍንጫ ክፉ ነገር ነው፤ ዓይንና ጆሮ ሲደክሙ እሱ ብቻውን እንደ ጎረምሳ ይሠራል። የብርቄ ሙት ዓመት ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር፤ ከዚያ በፊት የዚህን የአልጋ ልብስ ጠርዝ ጨርሼ መገኘት አለብኝ። በአልጋዋ ላይ ሆና የሰጠችኝ አደራ ነው። እኔን ደግሞ የአንድ ካውያ ሽታ ወደ ድሮው የስፌት በረንዳዬ ይዞኝ ሄደ።

በእኔ ዘመን ልብስ ሰፊ ማለት በረንዳ ነው። የእኔ በረንዳ ደብረ ማርቆስ ገበያ አፋፍ ላይ የነበረው የሐጂ ሰይድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ነበር። ሰዉ ከውስጥ ጨርቅ ይገዛል፤ ሁለት እርምጃ ተራምዶ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ለምልክት የምትሆነኝን የሳሙና ቁራጭ ይዤ እነሣለታለሁ። አቡጀዲ በሜትር ሰባ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ፖፕሊን ብር ከስሙኒ፤ ቴትሮን ያኔ አዲስ የመጣ ጉድ ስለነበረ ሐጂ ዋጋውን በጆሮ ነበር የሚናገሩት። ለሱሪ ስፌት ብር ከሃምሳ፣ ለቁምጣ ሰባ አምስት ሳንቲም እቀበላለሁ። ከሮብ ገበያ በኩል ወፍራም የሱፍ ባና ደርበው የሚወርዱት ገበሬዎች አረንጓዴ ካኪ ቁምጣና ሸሚዝ ያሰፋሉ፤ ኪሱ ላይ ሁለት ረድፍ ነጭ ክር ካልሮጠበት አይቀበሉም። የከተማው ጎረምሳ ደግሞ እግሩ መንገድ የሚጠርግ ሱሪ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ከሱቁ ሬዲዮ ዘፈን ይለቀቃል፤ እኔ የስፌት መኪናዬን መርገጫ ከዘፈኑ ጋር እረግጣለሁ። ዘፈኑ ቀዝቀዝ ያለ እንደሆነ ሐጂ ከውስጥ፣ «አላምረው፣ በዚህ ዘፈን ከሄድክ ሙሽራው ሱሪውን ለልጁ ክርስትና ነው የሚለብሰው» ይሉኛል። አሁን በረንዳውም የለም፤ ቦታው ላይ ስልክ የሚጠግኑበት ባለ መስታወት ቤት ቆሟል። ሐጂም ነፍሳቸውን ይማር፣ ካለፉ ቆዩ።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ጉራ ይመስላል፤ ጉራም ነው። ሰው በበረንዳው ሥር ሲያልፍ ቁመቱንና ወገቡን በዓይኔ እለካ ነበር። ሐጂ ከደንበኞቻቸው ጋር በሻይ ይወራረዱብኝ ነበር፤ ሜትሩ ሲዘረጋ ከአንድ ጣት በላይ ስቼ አላውቅም። የሰፋሁትን ጨርቅም አልረሳም። አንድ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ የተቀደደ ኮት ይዞ ቢመጣ፣ ይህ ጨርቅ ከየትኛው ጥቅል እንደተቀደደና ከማን ሠርግ ጋር እንደሰፋሁት እነግረዋለሁ። ይህን የምናገረው በኋላ የማወራው ነገር እንዲገባችሁ ነው።

ብርቄ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናት። አባቷ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ፣ በንብ የታወቁ ሰው ነበሩ። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ በከተማችን ለሴቶች የቤት ሙያ የሚያስተምሩ አንዲት መምህርት መጡና ብርቄም ጎረቤቶቿን ተከትላ ገባች። ሌሎቹ ኬክና ሹራብ ተማሩ። እሷ የተማረችው ወረቀትን ባለ ስድስት ማዕዘን አድርጎ መቁረጥ፣ ብጣሽ ጨርቅ ማልበስ፣ ከዚያ የለበሱትን ጠርዝ ለጠርዝ እያጋጠሙ በእጅ መስፋት ነው። ዙሪያውን በሙሉ ጎረቤት የያዘ ቁራጭ ወረቀቱ ይወጣለታል፤ የዳር ቁራጭ ግን ጠርዙ እስኪያልቅ ወረቀቱን በሆዱ ይዞ ይቆያል። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቁራጮች አጋጥማ ስታሳየኝ፣ «ልብ አድርገህ እየው እስቲ፤ መምህርቷ የፈረንጅ ሙያ ነው ይሉናል፤ ይኼ የአባቴ ቀፎ ውስጥ ያለው አይደለም?» አለችኝ። እውነትም የማር እንጀራ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአልጋ ልብሱ ስም «ማር እንጀራዬ» ሆነ። እኔ ግን ድሪቶ ነበር የምለው። መኪና ያለው ሰው ሚስቱ በእጇ ስትሰፋ ማየት ያናድደኝ ነበር፤ አንድ ቀን የሚፈጀውን ሥራ ዓመት ትፈጅበታለች እያልኩ እስቅባት ነበር።

እሷ ግን ስቄም አልተወችም። ምሳዬን ልታመጣ ስትመጣ ከመኪናዬ ሥር የወደቀውን ብጣሽ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ለወረቀቱም ያለቁትን የልኬት ደብተሮቼን ወሰደች፤ የከተማው ሰው ሁሉ ወገብና ቁመት የተጻፈባቸውን። ክሩን ከአባቷ ቤት ባመጣችው ሰም እያሻሸች ትሰፋለች፤ ሰም የነካው ክር አይጠላለፍም። እንዲህ እያለች ዓመት ዓመትን ወለደው። የጉንደ ወይን ነጋዴ ኮት ገባ፤ የተማሪ ዩኒፎርም ገባ፤ የገበሬዎቹ አረንጓዴ ካኪ በየቦታው ገባ፤ የሙሽሮች ከፋይ፣ የሐጂ ልጆች የኢድ ልብስ ገባ። እኔም ሳላስበው ከእያንዳንዱ ሥራ መዳፍ የምታህል ብጣሽ መተው ጀምሬ ነበር። አውቄ እንደምተው አልነገርኳትም።

ልጅ ሳናገኝ ሰባት ዓመት ቆየን። በስምንተኛው ውባንቺ መጣች። አራት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ሐጂ ቢጫ መደብ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለው ፖፕሊን ከጥቅሉ ቀደው፣ «ለልጃችን» ብለው ሰጡኝ። ውባንቺን የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜ ለካኋት። ሜትሩ ብብቷን ሲነካ እየሳቀች ትጣመማለች፤ ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ የቀሚሱን ቁመት ለማንበብ ሦስት ጊዜ ደገምኩ። «ቁሚ እንጂ፣ ትልቅ ሰው አይደለሽም?» ስላት፣ «ትልቅ ነኝ» ብላ በእግር ጣቶቿ ተንጠራራች። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ደረቱ ላይ ሽብሽብ ያለው፣ ወደ ኋላ የሚታሰር መቀነት ያለው ቀሚስ ሠራሁላት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። በዚያው ዓመት በጋ ላይ ኩፍኝ ገባ። ከብዙ ቤት ገባ፤ ከእኛም ቤት ገባ። በስድስተኛው ቀን ያቺኑ ቀሚስ ከከፈኑ ሥር አልብሰን ሸኘናት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልጅ አልሰጠንም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ብርቄ መርፌዋን ለሁለት ዓመት አልነካችም። ከዚያ አንድ ቀን ምንም ሳትል ጀመረች። የመጨረሻውን ረድፍ፣ በራስጌ በኩል የሚውለውን፣ ስትሰፋ አያት ነበር፤ ግን አላየሁም። ከቢጫው ፖፕሊን የተረፈችውን አንዲት ብጣሽ ያን ሁሉ ጊዜ ደብቃ አኑራት ኖሮ፣ ከእሷ አንድ ቁራጭ ብቻ ወጣላት። ራስጌው ላይ፣ መሐል ላይ አደረገቻት። ለምን እዚያ እንዳደረገቻት የነገረችኝ አምና፣ በመጨረሻው ሳምንቷ ነው፤ ተኝታ ስትጎትተው ጉንጯ ላይ እንድታርፍ ነው።

እንግዲህ ስህተቴን ልናገር። ብርቄ ለአባቷ ተዝካር ደብረ ኤልያስ ወርዳ ነበር። እኔ ሞኙ፣ ስትመለስ የአልጋ ልብሷ አልቆ ታግኘው ብዬ አሰብኩ። በረንዳዬ ላይ ዘረጋሁት። እንደ ማር እንጀራ የተሰፋ ጨርቅ ዳሩ ቀጥ አይልም፤ አንዱ ወጣ አንዱ ገባ ያለ ጥርስ ነው። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጥርስ ያለው ጠርዝ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ቀይ ጥብጣብ ገዝቻለሁ፤ ጠርዙን በመኪና ላስኬድለት ነው። በራስጌው በኩል ጀመርኩ። በሳሙናዬ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩና በትልቁ መቀስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩበት። ወደ ውጭ የወጡት አሥራ አምስት ቁራጮች ለሁለት ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በረንዳው ላይ ወደቁ። በሥራዬ ተደስቼ እያፏጨሁ ነበር።

ብርቄ ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ወደ በረንዳው መጣች። ከአገሯ ያመጣችው ትንሽ የማር ገንቦ በእጇ ነበር።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለችኝ።

«ጠርዙን እያስተካከልኩልሽ ነዋ። እንዲህ ጥርስ በጥርስ ሆኖ እንዴት ይቀመቀማል?»

ገንቦውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ከወደቁት ግማሾች አንዷን አነሣች። ቢጫ ናት፤ ቀይ ነጠብጣብ አላት። አገላብጣ አየቻትና ወደ እኔ ዘረጋቻት።

«ይቺን እንኳ አላየሃትም?»

የሰው ሁሉ ጨርቅ የማልረሳ እኔ፣ የገዛ ልጄን ጨርቅ አላየሁም። ዓይኔ ያየው መስመሩን ብቻ ነው። ደነገጥኩ፤ አፈርኩ፤ ሲያፍር የሚቆጣ ሰው ነኝና አፌ የመጣለትን ተናገረ። «ጨርቅ እኮ ነው፣ ብርቄ» አልኳት።

ሐጂ ከውስጥ ሬዲዮውን አጠፉት። ብርቄ ተንበርክካ አሥራ አምስቱንም ግማሾች አንድ በአንድ ለቀመች፤ የአልጋ ልብሱን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስባ አጥፋ፣ በብብቷ ይዛ ወደ ቤት ሄደች። ማሩን ረስታው ሄደች። ሐጂ ወጥተው ገንቦውን አነሡና በእጄ ሰጡኝ። «መኪናህን ክደንና ቤትህ ግባ፤ ዛሬ ስፌት የለም» አሉኝ። ገባሁ። የአልጋ ልብሱ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረን ኖርን። አልጮኸችብኝም፤ አልተጣላችኝም፤ ምግቤን አላጓደለችም፤ በቀልዴም ትስቅ ነበር። ግን መርፌ አልያዘችም፤ ለቁልፍ እንኳ፤ ቁልፍ ሲወልቅ ልብሱን እኔው ዘንድ ታመጣለች። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም። ዛሬ እጠይቃለሁ፣ ለዓመት በዓል እጠይቃለሁ፣ ስትታመም እጠይቃለሁ እያልኩ ቆየሁ፤ ሲቆይ ደግሞ ነገሩን ማንሣት ቁስል መነካካት መሰለኝ። ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነው። አምና በመጨረሻው ሳምንቷ ራሷ አነሣችው። «ሣጥኑን ታውቀዋለህ» አለችኝ። «ጠርዙን ጨርስልኝ። በመኪና እንዳይሆን፤ በእጅህ ይሁን።» እሺ አልኳት። ይቅርታዬን ያኔ ልናገር አፌን ስከፍት፣ «ቀስ ብለህ ሥራው፤ ደግሞ አትቁረጥ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ ላይ ፈገግታ የነበረ ይመስለኛል። የነበረ እንዲሆን ስለምፈልግ ይሆናል።

ሣጥኑን ለመክፈት ወራት ፈጀብኝ። ስከፍተው የሰም ሽታ ወጣ። የአልጋ ልብሱ እንደታጠፈ ነው፤ ላዩ ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ቆርቆሮው ውስጥ እኔ የቆረጥኳቸው ግማሾች በክር ታስረው ተቀምጠዋል። ወረቀቶቻቸውም በሆዳቸው እንዳሉ ናቸው። አንድ በአንድ ከየቦታቸው ጋር አጋጠምኳቸው። አሥራ አራት ናቸው። የሌለችው ቢጫዋ ናት። ሣጥኑን ገለበጥኩ፤ ቁም ሳጥኑን አራገፍኩ፤ ፍራሹን ሳይቀር ፈታሁ። የለችም።

ሥራውን ግን ጀመርኩ። አስተማሪዬ የእሷው ስፌት ነው፤ አንዱን እየፈታሁ እንዴት እንደሄደ አይቼ መልሼ እሰፋለሁ። ወደ ውጭ የወጣው ጥግ ቀላል ነው፤ ወደ ውስጥ የገባው ግን ክፉ ነው፤ ፀጉር የምታህል ቀደድ ማድረግና ሦስት ጊዜ ወግቶ መያዝ ይፈልጋል። በቀን ከሦስት ጥርስ በላይ አልሄድም። ድሪቶ ብዬ የሳቅኩበትን ሥራ እኔ በሰባዎቹ ዕድሜዬ መማር አቃተኝ። የተቆረጡትን ግማሾች መልሼ ሳጋጥም ደግሞ ከጎረቤቶቻቸው አጠሩ። ስፌት ጨርቅ ይበላል፤ ይህን እኔ ለስንቱ ደንበኛ ነግሬዋለሁ። ራስጌው አሁን እንደ ሌሎቹ ሦስት ዳሮች አይወጣም፤ ጥርሱ ዶልዱሟል።

ከዳሩ ቁራጮች ወረቀቱን አወጣለሁ፤ ስፌቱ ሲያልቅ መውጣት አለበት። በእኔ የወጣትነት እጅ ጽሕፈት የማን እንደሆነ የማይታወቅ ወገብ ይወጣል፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ትከሻ። አብዛኞቹ ሞተዋል። ከትናንት ወዲያ የአልጋ ልብሱ ላይ የቀረችው ቢጫዋ ግማሽ ጋ ደረስኩና ወረቀቷን ሳብኩ። ከላይ ውባንቺ ይላል። ብርቄ ለይታ፣ አስባ ነው ያቺን ገጽ የቆረጠችላት። ከሥሩ፣ ደረት 56። ከሥሩ፣ ቁመት 5፣ ከዚያ የመቀሴ ጠርዝ።

ሃምሳ ስንት? አላውቅም። የከተማውን ሰው ሁሉ ቁመት በዓይኔ የማውቅ ሰው፣ የልጄን የቀሚስ ቁመት አላውቅም። ተነሥቼ ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩና እጄን ዘረጋሁ፤ ትከሻዋ እዚህ ጋ ነበር፣ የቀሚሷ ጫፍ እዚህ ጋ ነበር። እጄ አንዴ ከፍ ይላል፣ አንዴ ዝቅ ይላል። እየሳቀች ስትጣመም ይታየኛል፣ በጣቶቿ ስትንጠራራ ይታየኛል፤ ቁጥሩ ግን አልመጣም። ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጄ ስትሞት ያላለቀስኩትን ጭምር ይመስለኛል።

ትናንት ክር ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ክር መሸጫው ደጃፍ ላይ ማንጠግቦሽን አገኘኋት። ማንጠግቦሽ የድሮ ጎረቤታችን ናት፤ ብርቄ ስታርፍ ገላዋን አጥበው ከገነዙት ሴቶች አንዷ እሷ ነበረች። ጉልበቴን ሳመችና፣ «ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ምነው ከሱ?» አለችኝ።

«ክር ፍለጋ ነው። የብርቄን የአልጋ ልብስ እየጨረስኩላት ነው» አልኳት።

ማንጠግቦሽ ቅርጫቷን መሬት ላይ አኖረች። «አንድ ነገር ልንገርዎት? ዓመቱን ሙሉ እነግርዎታለሁ እያልኩ ፈርቼ ነው። ስንገንዛት ከማተቧ ጋር የታሰረች ትንሽ የቆዳ ከረጢት አንገቷ ላይ ነበረች። ክታብ መስሎኝ ደነገጥኩ። ብርቄ ደግሞ ክታብ የምትወድ ሰው አልነበረችም። ከፈትኳት፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን ነበረባት?»

«ግማሽ ጨርቅ። ቢጫ ናት። ውስጧ ወረቀት አለባት፣ ትንኮሻኮሻለች። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ሳትሞት በፊት፣ አንገቴ ላይ ያለውን እንዳትፈቱብኝ ብላኝ ነበር። እንዳለች መልሼ አሰርኩላት። አብራት ነው የሄደች።» ከዚያ ፊቴን አይታ፣ «አጠፋሁ፣ ጋሼ?» አለች።

«አላጠፋሽም» አልኳት። «ደግ አደረግሽ።»

«ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ተጽፏል። እኔ ፊደል አላውቅም፤ አላነበብኳትም።»

ወደ ቤት እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። ብርቄ ያቺን ግማሽ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንገቷ ላይ አድርጋ ስትኖር፣ በአንድ አልጋ ስንተኛ፣ እኔ ምንድን ናት ብዬ አልጠየቅኩም። ማተብ ነው ብዬ ነበር። ሁለተኛ ጊዜም አላየሁም ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ የመጨረሻውን፣ የራስጌውን ጠርዝ ጨረስኩ። ቢጫዋ ጋ ስደርስ፣ ሌላ ቢጫ ጨርቅ ገዝቶ መሙላት ይቻል ነበር፤ ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ እሷን የሚመስል ፖፕሊን አለው። አልሞላኋትም። በመቀሴ የተከፈለችውን ዳር ሳልሸፍን፣ ሳላስተካክል፣ እንዳለች በሰም ክር ቀመቀምኳት። አሥራ አራቱ ጥርሶች ወጣ ወጣ ብለዋል፤ አሥራ አምስተኛዋ ገብታ ቀርታለች። ወረቀቷንም አላወጣሁም። እንደ ሙያው ከሆነ መውጣት ነበረባት። አጥፌ ወደ ሆዷ መለስኳትና ስፌቱን ዘጋሁባት፤ ውባንቺ፣ ደረት ሃምሳ ስድስት፣ ቁመት አምስት። ቀጣዩ ቁጥር እናቷ ጋ ነው።

ለሙት ዓመቱ የሚመጣው ሰው የአልጋ ልብሱን አይቶ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሳይጎድል አልቀረም» ይለኝ ይሆናል። አዎ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት እለዋለሁ። ማታ ስተኛ ይህን ጠርዝ በራስጌዬ በኩል አደርገዋለሁ፤ ጉንጬን የት እንደማሳርፍ አውቃለሁ።